መልስ፦ ሹፌር አልባ ገልባጭ መሬት ውስጥ ያዋጣል?

ወዳጄ፣ «ከመሬት በታች ባለ ማዕድን ማውጫ ሹፌር አልባ ገልባጭ ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ እንደ ማዕድን ማውጫው ይለያያል። ብዙ ሰው ሒሳቡን ከሹፌር ደመወዝ ይጀምራል። እኔ ከዚያ አልጀምርም። ትልቁ ትርፍ ሰዓት ነው። ድማሚት ከፈነዳ በኋላ ጋዙ ተጠርጎ እስኪወጣ ድረስ ሰው አይገባም። ፈረቃ ሲቀየርም መኪናው ይቆማል። ሹፌር አልባው በእነዚህ ባዶ ሰዓታት መሥራት ይችላል።

ነገሩ ህልም አይደለም። ስዊድን ውስጥ በኪሩና የብረት ማዕድን፣ 1,365 ሜትር በሚባለው ደረጃ ባቡሮች ያለ ሹፌር ይመላለሳሉ። የማሊው የሲያማ ወርቅ ማዕድንም ከማዕድን ማሽን አምራቹ ከሳንድቪክ ኩባንያ ጋር ሆኖ የመሬት ውስጥ ሥራውን ለአውቶማቲክ ሎደር (ማዕድኑን ዝቆ የሚጭነው ማሽን) እና ገልባጭ እንዲመች አድርጎ ነው ያቀደው።

ችግሩ ያለው ለዚህ ታስቦ ያልተሠራ ነባር ማዕድን ላይ ነው። እዚያ ታች ጂፒኤስ የለም። መኪናው ቦታውን የሚያውቀው በሌዘር ግድግዳውን እየቃኘ ነው። የማይቆራረጥ ኔትወርክና በደንብ የተጠገነ መንገድም ይፈልጋል (መንገዱን ብዙዎች ይረሱታል!)። ከሁሉም የሚከብደው ግን ክልሉን ከሰው መለየት ነው። አንድ ሰው የደኅንነት በሩን ካለፈ በዚያ ክልል ያሉ ማሽኖች ቀጥ ይላሉ። የእናንተ መውጫ መንገድ አንድ ብቻ ከሆነና ፒካፑም፣ ነዳጅ መኪናውም፣ ሠራተኛውም በእሱ የሚመላለስ ከሆነ እኔ ገንዘቤን አላወጣም ነበር። ለብቻው ተዘግቶ የሚመላለስበት መስመር ካላችሁ ግን ከሎደሩ ጀምሩ። ገልባጩ ይደርሳል።

መጀመሪያ ግን መኪኖቻችሁ በየፈረቃው ስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሚቆሙ መዝግቡ። ማዕድኑስ ስንት ዓመት ይቀረዋል? ሁለቱን ይዘህ ና፣ አብረን እናስላው።