ኮርስ አውትላይናችሁን አትጣሉ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሬጅስትራር መስኮት ጀርባ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ በላይ አንጀቴን የበላው ፈተና የወደቀ ተማሪ አልነበረም። ተምሮ፣ አልፎ፣ ትምህርት ቤት ሲቀይር ግን የተማረው ያልተቆጠረለት ነው። ከመሐል ሜዳ ሌሊት ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ በጠዋቱ ብርድ በር ላይ የቆሙ አባት «ልጄ ሁለት ዓመት ጨርሷል፤ ከሦስተኛው ይቀጥልልኝ» ሲሉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ተቀባዩ ተቋም የኮርሱን ስም ብቻ አይቶ ክሬዲት አይሰጥም፤ ማለትም ኮርሱን እንደ ተማራችሁት አይቆጥርላችሁም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሁለቱን ኮርሶች ይዘት ምዕራፍ በምዕራፍ ያስተያያል፤ ክሬዲት ሰዓቱንም፣ ማለትም የኮርሱን ክብደት የሚለካውን ቁጥር፣ ይመለከታል። ትራንስክሪፕት በሚባለው የውጤት መግለጫ ላይ የኮርሱ ስም፣ ክሬዲትና ውጤት እንጂ የኮርሱ ውስጥ አይታይም። ውስጡን የሚያሳየው መምህሩ በመጀመሪያው ቀን የሚያድላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ የምትረሱት ኮርስ አውትላይን ነው።

አንዲት የአጣዬ ልጅ ከአእምሮዬ አትጠፋም። በ2013 ከተማዋ ስትቃጠል የቤተሰቧ ቤት ከነወረቀቷ ነደደ። ሁለት ዓመት አካውንቲንግ ተምራ ነበር። ትራንስክሪፕቷን የቀድሞ ኮሌጇ በታሸገ ፖስታ ላከልን፤ አውትላይን ግን አልነበራትም። «ያለ እሱ አይቻልም» ብዬ መለስኳት። ደንቡ ነበር፤ ፊቷ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሸዋ ሮቢት ከምትኖር የክፍል ጓደኛዋ የተዋሰችውን ሰማያዊ ክላሰር ይዛ ተመለሰች። ዝናብ የነካው ነው፤ ወረቀቶቹ ዳር ዳራቸው ተሸብሽቧል፤ በኅዳጉ ላይ የጓደኛዋ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ኃላፊው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያገላብጥ ውሎ ከ14 ኮርሶች 11ዱን ተቀበለላት። ሁለቱ ውጤታቸው ዲ ስለነበር ቀሩ፤ የኮስት አካውንቲንጉ ይዘት ደግሞ ከእኛ ግማሹን ብቻ የሚሸፍን ሆኖ ተገኘ። ያቺ ክላሰር ባትኖር አንዱንም አታገኝም ነበር።

ከ2012 ወዲህ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች በአገር ደረጃ ስለተመሳሰሉ በዚያ በኩል ቀሎላችኋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ባሉት ነው። ወላጆቻችሁም በክሬዲቱ ቁጥር መለያየት እንዳይደነግጡ ንገሯቸው፤ አንዱ ዘንድ 5 ኢሲቲኤስ (ሌላው የኮርስ ክብደት መለኪያ) የተባለው ሌላው ዘንድ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ሰዓት ነው፤ ማንም አልቀነሰባችሁም።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ሁሉ እዚህ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስትለቁም ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ክሊራንስ፣ ማለትም የተቋሙ ንብረትም ዕዳም እንደሌለባችሁ የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ ጨርሳችሁ ልቀቁ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪ ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ የሚገጥመውን ምልልስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞ የቀድሞው ኮርሴ ተቆጥሮ ተያዘልኝ ብላችሁ ደብተሩን አትዝጉ። ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የሚወሰድ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ጥያቄው ኮርሱን የት እንደ ወሰዳችሁ አይለይም። የተያዘላችሁን ዋና ዋና ኮርስ በአዲሱ ተቋም መጽሐፍ እንደገና አንብቡት።

አሁን በእጃችሁ ያለውን አውትላይን ዛሬ ማታ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ማኅተም ካለው ማኅተሙ፣ ከሌለውም የመምህሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በደንብ ይታይ። አንዱን ቅጂ ለእናታችሁ ስልክ ላኩት።