ከመጋረጃው በፊት ወለሉ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። ባለቤቴ ያረጀ የተማሪ ሰርቪስ አውቶቡስ ገዝቶ ግቢ ውስጥ አቁሟል። ወንበሩን ነቅለን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ልንኖርበት ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጋረጃ ከመምረጥሽ በፊት ወለሉን ግለጡት። እኔ አንዴ አሮጌ ሚኒባስ ሱቅ ላደርግ ምንጣፉን ባነሳ፣ ላሜራው እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቶ አገኘሁት! ዝገቱ ይፈቅ፣ ቀዳዳው ይበየድ።

ከዚያ ጣሪያው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። የአራት ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ላሜራ ሲነካ ውሃ ሆኖ ፍራሽ ላይ ይንጠባጠባል። በላሜራውና ከውስጥ በምትለብጡት ኮምፖርሳቶ መካከል ፎም አስገቡ፤ መርካቶ አታጡም። አንድ መስኮትም ገርበብ ይበል።

ከሰል ግን ለቡናም ቢሆን ውስጥ እንዳታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላችኋል።