ጾም ሲገባ ሆዴ ይነፋል፤ የትኛውን ሻይ ላፍላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ከዚያ ሽሮ ወይም ምስር በልቼ ብዙም ሳልቆይ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ግሳትም ያስቸግረኛል። አማቴ ጤና አዳም አፍልተሽ ጠጪ ይሉኛል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ናና ይሻልሻል ትላለች። የቱን ልጠጣ?
ጠያቂ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከሻዩ በፊት ስለ ሽሮው ላንሳ። አተር፣ ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ውስጥ ትንሹ አንጀት መፍጨት የማይችለው የስኳር ዓይነት አለ። እሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሽታ አይደለም። በእርስዎ ላይ ነገሩን የሚያብሰው ረሃቡ ይመስለኛል። ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳል፣ ከጉርሻው ጋር አየር ይውጣል። በላዩ ላይ አምቦ ውሃ ከጨመሩበትማ ጋዙን በጠርሙስ ገዙት ማለት ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ሆድ እኔ የምመርጠው የእንስላል ፍሬ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ፍሬ በሙቀጫ ሰበር ሰበር ያድርጉ፤ አይድቀቅ። ኩባያ ውስጥ ከተው የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ወዲያው ይክደኑት። መክደኑን አደራ! አንጀትን የሚያፍታታው ያ የሚሸተው ዘይት ነው። ክፍት ከተዉት ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ቤቱ ያውዳል እንጂ ሆድዎ አይጠቀምም። ከ10 ደቂቃ በኋላ አጥልለው፣ ከምግብ በኋላ ሞቅ እንዳለ ፉት ይበሉ። እንስላል ካጡ ነጭ አዝሙድ በዚሁ መንገድ ይሆናል፤ ግን ያቃጥላልና ግማሽ ማንኪያ ይበቃል።

ዝንጅብል ይበልጥ የሚጠቅመው «ምግቡ ጨጓራዬ ላይ ቁጭ አለ» ለሚል ሰው ነው። ሁለት ሦስት ስስ ቁራጭ ይበቃል። ምላስ እስኪለበልብ ማወፈር ልማዳችን ነው፤ ትርፉ ግን ቃር ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አያዘውትረው።

ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም፣ ናና የአንጀትን ቁርጠት ያላላል። ችግሩ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያም አብሮ ማላላቱ ነው። ቃር ካለብዎ ይቅርብዎ።

ጤና አዳም ቡና ላይ ለሽታ ጣል ቢደረግ ጠብ የለኝም። አፍልቶ መጠጣቱን ግን አልደግፍም። ሲበዛ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። አማትዎን «ሐኪም ከለከለኝ» ይበሏቸው፤ በእኔ ያሳብቡ። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠራጠሩ እንስላሉንም አያዘውትሩ።

ግሳቱ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነና ተቅማጥ ካለው ጃርዲያ ሊሆን ስለሚችል ሰገራ ይመርመሩ። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ሆድዎ በየቀኑ ከተነፋ፣ ወይም ጥቂት ጎርሰው ከጠገቡ፣ የማህፀንና የእንቁላል እጢ አልትራሳውንድ ያስፈልግዎታል። ሰገራዎ ከጠቆረ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ምግብ አልወርድ ካለዎት ወይም ትውከት ከደጋገመዎት ግን ሻዩን ትተው ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ለጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ከታዘዘልዎ ደግሞ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ2 ሳምንት ካላቋረጡት ባክቴሪያው እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።