መብራት ሲመለስ ዲስኩን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ የጨርቅ ሱቅ፣ 4 ካሜራ፣ አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ በሚያስኬደው) የተጫነ ፍሪጌት የሚባል የካሜራ መቅጃ ፕሮግራም፣ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የድሮው ቅጂ አልከፈት ይልሃል። የጓሮው ካሜራ ደግሞ ሲመሽ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። «ፕሮግራሙን ልቀይረው ወይ?» ነው ያልከው።

አትቀይረው። ሌሎቹን መቅጃዎች፣ ዞንማይንደርም ጫን ሺኖቢም ጫን፣ ይሄው ችግር ተከትሎህ ይመጣል። እኔ ሳቢያን ሰፈር የአንድ ዘመዴን መጋዘንና የራሴን ቤት በዚሁ በፍሪጌት ነው የማየው። ጣጣ ያበዛብኝ ፕሮግራሙ ሳይሆን መብራቱ ነው። መሄዱ እንኳ ምንም አይደል። ጉዱ ያለው ሲመለስ ነው።

የድሮው ቅጂህ አሁንም ዲስኩ ላይ ያለ ይመስለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ሃርድ ዲስክ የሚታየው በአንድ ፎልደር በኩል ነው። ዲስኩ ሲያያዝ ፎልደሩን ስትከፍት ዲስኩን ታያለህ። ሳይያያዝ ሲቀርም ፎልደሩ አይጠፋም፤ ባዶውን ይቀመጣል። መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቶሎ ይነሳል። የዩኤስቢው ዲስክ ግን ተንቀርፍፎ ነው የሚነሳው። ዶከር እሱን ሳይጠብቅ ፍሪጌትን ያስነሳዋል። ፍሪጌት ባዶ ፎልደር ያገኛል፣ ምንም ሳይጠይቅ መጻፍ ይጀምራል። የሚጽፈው ታዲያ ኡቡንቱ በተጫነበት ትንሽዬ ዲስክ ላይ ነው። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ እንኳ አታይም። የትናንቱን ስትከፍት ብቻ «የለም» ይልሃል።

ይሄ እንዳይሰነብት። ፍሪጌት የቀረው ቦታ ከ1 ሰዓት ቅጂ በታች ሲወርድ፣ ቦታ ለማግኘት አሮጌውን ማጥፋት ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪጌትን አቁመው። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ዲኤፍ» የሚለውን ትእዛዝ ስጥና የቅጂው ፎልደር የትኛው ዲስክ ላይ እንደሆነ እይ። 2 ቴራው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥፋተኛው ተገኘ።

መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱንም አድርግ። አንደኛ፣ ዲስኩን በማይቀየረው መለያ ቁጥሩ ነው ማስመዝገብ ያለብህ። ዩዩአይዲ የሚሉት እሱ ነው፣ የሚመዘገበው ደግሞ ኤፍስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። ዛሬ አንድ ስም፣ ነገ ሌላ ስም እየያዘ የሚነሳ ዲስክ አይታመንም። ሁለተኛ፣ ዶከር ዲስኩ ሳይያያዝ እንዳይነሳ በሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ፕሮግራሞችን በተራ የሚያስነሳው) እሰረው። አንድ መስመር መጨመር ነው። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ዲስኩን አላቅቅና ባዶውን ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት ቆልፈው፣ ከዚያ መልሰህ አያይዘው። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሳይያያዝ ቢቀር ፍሪጌት መጻፍ ያቅተውና ይጮሃል። ዝም ብሎ ከሚያሞኝህ ቢጮህ ይሻላል።

አቅም ካለህ ግን ዩኤስቢውን ተወው። ዴስክቶፕ ስለሆነ ውስጡ በሳታ፣ ማለትም በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካ ገመድ፣ የሚገጠም ዲስክ ይቀበላል። ለካሜራ ተብለው የሚሠሩ አሉ፤ ደብሊውዲ ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ። ሌት ተቀን ለመጻፍ የተሠሩ ናቸው።

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ገና ኡቡንቱ ሳይመጣ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥም ግባና መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ አድርገው። ይሄን ካላደረግክ ቅዳሜ ማታ የጠፋው ሰኞ ጠዋት ሱቅ እስክትከፍት ጠፍቶ ይጠብቅሃል።

ስታቢላይዘር አለኝ ብለሃል። ጥሩ ነው፣ ግን ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት አይዝም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ያስፈልግሃል። ዩፒኤሱ ላይ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክተህ የካሜራዎቹ ኬብል የሚገባበትን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ ግድግዳው ላይ ከተውከው ደግሞ ትርፉ ባዶ ስክሪን መቅዳት ነው። ካሜራዎቹን የሚመግበው ስዊቹ ነው፣ እሱም ይሰካ። ማከፋፈያው ላይ ደግሞ ትርፍ ቀዳዳ አትተው። ዘበኛው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ አንዱን ነቅሎ ያድርና ጠዋት «ካሜራው ተበላሽቷል» ይልሃል።

ወደ ጓሮው ካሜራ ልምጣ። ቀን ደህና ውሎ ሲመሽ የሚጠፋ ካሜራ ብዙ ጊዜ በሽታው ኬብል ነው። ሲጨልም የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ካሜራው ከቀኑ የበለጠ ኃይል ይስባል። ኬብሉ ረጅም ወይም ርካሽ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ካሜራው ይጠፋል። ሲጠፋ መብራቶቹም ይጠፋሉ፣ ኃይል ያገኛል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይበራሉ። እንዲህ እያለ ያነጋል። ለመፈተን እስኪመሽ አትጠብቅ። እኩለ ቀን ላይ መሰላል አቁምና የካሜራውን ፊት በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው። ትንሽ ቆይቶ ውስጡ «ቀጭ» ይላል፤ ወደ ሌሊት መቀየሩ ነው። ከዚያ በኋላ ከጠፋ፣ ያንኑ ካሜራ አውርደህ ስዊቹ አጠገብ በአጭር ኬብል ሞክረው። እዚያ ጸንቶ ከቆመ ካሜራው ጤነኛ ነው።

ኬብሉን ጫፉን ላጥ አድርገህ ሽቦውን በምላጭ ፋቀው። ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለኢንተርኔት ይሠራ ይሆናል፣ በአንድ ኬብል ዳታም ኃይልም ለሚወስድ ካሜራ ግን አይሆንም። ንጹህ መዳብ ግዛ፣ ከ100 ሜትር አታስበልጠው፣ የጫፎቹንም ማገናኛ አዲስ ምታው።

ስለ ምስሉ ብዙ አልልም። እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ዓይነት ምስል ይልካል፤ ጥራቱ ከፍ ያለው ዋናው ስትሪም፣ ዝቅ ያለው ንዑሱ ነው። ሰው መለየቱን ንዑሱ ላይ፣ ቅጂውን ዋናው ላይ አድርገው። ሂክቪዥን ከሆነ የአድራሻው መጨረሻ 101 ያለው ዋናው ነው፣ 102 ያለው ንዑሱ። ሁለቱንም ሥራ ዋናው ላይ ከጫንክበት ያ አሮጌ ኮምፒውተር በድሬ ሙቀት ላብ በላብ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 6ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መለየቱን በኦፕንቪኖ (የኢንቴል ሶፍትዌር ነው) ለግራፊክሱ ስጠው፤ ጭነቱ ሲቀል ታየዋለህ። ኮምፒውተሩንም ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ አውርደው፣ ከጣቃው መሃልም አውጣው። ካሜራው ላይ ኤች 265 ፕላስ የሚል የምስል ማመቂያ ካለ ፕላሱን አጥፋ። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ቅጂው እየተቆራረጠ ያስቸግራል።

ቦታን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሌት ተቀን ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋ ይወስዳል። አራቱ 86 ጊጋ ገደማ። 2 ቴራህ 23 ቀን አካባቢ ይይዛል። ወደ 4 ሜጋቢት ካሳደግከው ግማሹ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ካልነገረህ ቅጂ ስታስስ ትውላለህና ልንገርህ፤ ሰዓቱን። ፍሪጌት ቅጂውን ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን አቆጣጠር አለን። ዘበኛው «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኮቴ ሰማሁ» ቢልህ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው፣ ፎልደሩ ግን 23 ነው፤ ያውም የፊተኛው ቀን። በአጭሩ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3፣ በማታና በሌሊቱ ላይ 15 ጨምር፤ 24 ከሞላ 24 ቀንስለት። ጠዋት 3 ሰዓት ፎልደር 06 ነው። የማታውን 1 ሰዓት 16 ውስጥ ታገኘዋለህ። በብሮውዘር ስትከፍተው ራሱ ያስተካክልልሃል፣ ፋይሉን በፍላሽ አውጥተህ ለፖሊስ ልትሰጥ ስትል ነው የሚያዞርብህ። የካሜራዎቹን ሰዓትም ከኮምፒውተሩ እንዲወስዱ አድርግ። መብራት ሲሄድ ወደ አሮጌ ቀን የሚመለስ ካሜራ አለ። ምስሉ ላይ የተጻፈው ቀን የተሳሳተ ቅጂ ይዘህ ብትሄድ ማን ያምንሃል?

ከቤት ሆነህ ለማየት ብለህ ደግሞ ራውተሩ ላይ 5000 የሚለውን ፖርት (የፍሪጌትን መግቢያ በር) እንዳትከፍት። እሱ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ ላገኘው ሁሉ ክፍት ነው። ፓስወርድ የሚጠይቀው 8971 ነው። እሱንም ቢሆን ለአንተ ብቻ ዝግ መንገድ በሚሠሩት ቪፒኤኖች፣ በዋየርጋርድ ወይም በቴይልስኬል በኩል ግባበት እንጂ ለዓለም አታውጣው።

ይሄን ሁሉ አይቼ አልችልም ካልክ፣ የተዘጋጀውን ኤንቪአር (ለካሜራ ቅጂ ብቻ የተሠራ ሳጥን) ግዛ፤ ነውር የለውም። ኮምፒውተር መነካካት ለማይወድ ሰው እሱ ይሻላል።

ካልተስተካከለ «ዲኤፍ» የሰጠህን ዝርዝርና የፍሪጌትን ቅንብር የያዘውን የኮንፊግ ፋይል እዚሁ ለጥፈው። ከመለጠፍህ በፊት ግን በየካሜራው አድራሻ መሃል ፓስወርድህ ተጽፏልና ደልዘው።