ሰልባጁን ገልብጠው ይዩት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«መርካቶ አንድ የሌዘር ጃኬት ወድጄ ነበር። ሻጩ ላይተር ለኮሰበትና ‘አየህ፣ አይቃጠልም፣ ንጹህ ቆዳ ነው’ አለኝ። ዋጋውም የቆዳ ዋጋ ነው። ልመነው?» (ከኮልፌ)

የላይተሩን ትርኢት ይርሱት። እሳት ብልጭ አድርገው ቢያነሱት ቆዳም ፕላስቲክም አይቃጠልም፤ ካቆዩት ደግሞ ሁለቱም ይበላሻሉ። ሽታውም አያስተማምንም፤ አርቴፊሻሉ ከእውነተኛ ቆዳ ጋር አንድ ቦንዳ ውስጥ ታሽጎ ከከረመ ሽታውን ይወስዳል።

ጃኬቱን ገልብጡት። ሰልባጅ ብዙ ጊዜ ገበሩ አንድ ቦታ ተተርትሯል፤ ኪሱ ውስጥ ወይም ብብቱ ሥር ይፈልጉ። በዚያ ቀዳዳ የጃኬቱን ጀርባ ያያሉ። ቆዳ ከሆነ ጀርባው ሻካራና ጸጉራማ ነው፤ አርቴፊሻል ከሆነ እንደ ካናቴራ ያለ ጨርቅ ይታያል። ገበሩ ደህና ከሆነ የተቆረጠ ጠርዝ ይፈልጉ፤ ኮሌታው ሥር ወይም የዚፑ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። የቆዳ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጭረት ነው፤ አርቴፊሻሉ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ልባጥ ነው። በመጨረሻ በአውራ ጣት ጫን ይበሉት፤ ቆዳ በጣትዎ ዙሪያ በደቃቁ ይሸበሸባል፣ ፕላስቲክ ዝም ብሎ ይጎደጉዳል።

ክርኑና የኮሌታው እጥፋት ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ከጀመረ በግማሽ ዋጋም አይውሰዱት። ልባጡ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት እየተበላ ስለሆነ ቀለም ቢቀቡት መላጡ አይቆምም። የተቀደደ ገበር ግን ነውር አይደለም፤ ልብስ ሰፊ ይቀይረዋል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ሰበብ ነው። የሚያስፈራው ብብቱ ላይ ራሱ ቆዳው በስፌቱ መስመር ሲተረተር ነው። መርፌ የበሳው ቀዳዳ ቆዳ ላይ አይደፈንም፤ ደግመው ሲሰፉት እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቆረጣል።

«ለልጆቼ ሰልባጅ ገዝቼ ወዲያው ነው የማለብሳቸው። ጎረቤቴ ቅማልና እከክ ታመጪባቸዋለሽ ትለኛለች። ማጠቢያ ማሽን የለኝም።» (አንዲት እናት፣ ከሳሪስ)

ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው ገላ ላይ ሳይሆን ስፌት ውስጥ ነው፤ ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። ይሁን እንጂ ቅማል ያለ ሰው ደም ከአንድ ሳምንት ብዙም አያልፍም፤ የእከክ ተባይ ደግሞ ከገላ ከራቀ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ነው የሚቆየው። ስለዚህ ለወራት ታስሮ ከቆየ ቦንዳ ይልቅ ትናንት ከሰው ገላ ወልቆ በልዋጭ በኩል የመጣው ልብስ የበለጠ ያሰጋል። ትኋን ብቻ ነው ሳይበላ ለወራት የሚታገሠው።

ልብሱን ወደ መኝታ ክፍል ሳያስገቡ ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ያስቀምጡ። ጥጥና ፖሊስተር ከሆነ መጀመሪያ እድፉን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ያስለቅቁ፤ ደምና ወተት ሙቅ ውሃ ከነካቸው ይይዛሉ። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ሁለት እጅ የፈላ፣ አንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅለው ይንከሩት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ድብልቅ 60 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ለተባዩም ለእንቁላሉም በቂ ነው። እኩል በእኩል ከቀላቀሉት ቶሎ ይበርድብዎታል። ሳፋውን ከድነው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት።

ሱፍ ሹራብ ይህን አይችልም፤ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት ይሆናል። እሱን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፌስታል ውስጥ አሽገው ይተዉት፣ ከዚያ በለብታ ውሃ አጥበው ስፌት ስፌቱን እርጥብ ጨርቅ ደርበው በካውያ ይተኩሱ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም። በረኪና ሱፍና ሐር ላይ ጠብ እንዳይል፤ ክሩን ያሟሟዋል። ብብት ላይ ያለውን ቢጫ የላብ እድፍም በረኪና አያነጣውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል።

የናፍታሊን ሽታ ያለውን ልብስ ሽታው ጨርሶ ሳይጠፋ ሕፃን አያልብሱ። የላላ ቁልፍ ካለ አጥብቀው ይስፉት፤ የኮፍያውን ማሰሪያ ገመድ ደግሞ መዘው ይጣሉት።

«ማታ ማታ መገናኛ መንገድ ዳር ጅንስ እገዛለሁ። መለካት አይቻልም። 32 የሚለው አንዱ ይሰፋኛል፣ ሌላው አይዘጋልኝም።» (ከየካ)

32 በኢንች ነው፤ 81 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት፣ ግን ፋብሪካዎች እንደፈለጉ ይጨምራሉ። ጅንሱም በእጥበት ይጠባል ወይም ይለጠጣል። ቁጥሩን ትተው ቤት ያለውን በጣም የሚስማማዎትን ሱሪ አልጋ ላይ ዘርግተው በሜትር ይለኩ፤ ወገቡን፣ ጭኑን፣ ከወገብ እስከ ሁለቱ እግሮች መገጣጠሚያ፣ የውስጥ እግሩን። አራቱን ቁጥር ስልክዎ ላይ ይጻፉና ሜትሩን ኪስዎ ይክተቱ። ሜትር ከሌለ የተቆለፈውን ወገብ አንገትዎ ላይ ይጠምጥሙ፤ ሁለቱ ጫፎች ማጅራትዎ ላይ ከተገናኙ ወገቡ ይሆንዎታል። ዳሌ ላለው ሰው ግን ይህ ዘዴ ይዋሻል።

የስልክዎን መብራት ሱሪው ውስጥ አስገብተው መገጣጠሚያውን ይዩ፤ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ከወጣ ብዙ ሳይቆይ ይቀደዳል። ላስቲክ ያለው ጅንስ ጉልበቱ ላይ ከተነፋ ወይም ከተጨማደደ ላስቲኩ ተበጥሷል፣ መፍትሔ የለውም። ወገብ ልብስ ሰፊ ጋር እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠብልዎታል፤ ከዚያ ካለፈ የኋላ ኪሶቹ ይጠጋጋሉ። ማስፋት ግን አይታሰብም፣ ጅንስ ውስጡ የስፌት ትርፍ የለውም። ጥቁር ብለው የገዙት ጠዋት ሰማያዊ ሆኖ እንዳይጠብቅዎ ከሌላ ጥቁር ልብስ ጋር አስተያይተው ይግዙ።

(ኮት ለሚጠይቁን፦ በአውሮፓ 50 የተባለው የወንድ ኮት በእንግሊዝና በአሜሪካ ቁጥር 40 ነው። 10 መቀነስ ነው።)

«የድሮ ሊቫይስ ጅንስ ነው ብሎ እጥፍ ዋጋ ጠራብኝ። እንዴት ይታወቃል?» (ከፒያሳ)

የኋላ ኪሱ ላይ ያለችውን ቀይ ምልክት ይዩ። ስሙ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ከተጻፈ ከእ.ኤ.አ. 1971 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ፊደል ትንሽ ሆኗል። ኩባንያው ግን ድሮውን አስመስሎ ደግሞ ይሠራል፣ ስለዚህ ይገልብጡት። የአጣጠብ መመሪያ የያዘ ጨርቅ ውስጡ ከተሰፋ ያን ያህል ድሮ አይደለም፤ አሜሪካ ያንን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። አሮጌ መሆኑ በራሱ ዋጋ የሚኖረው ለሰብሳቢ ነው። ለመልበስ ከሆነ ለእጥፉ ምክንያት የለም።

«ምንም ያልተለበሰ የሚመስል የተራራ ጫማ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ሶሉ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ማስቲሽ ይይዘዋል?» (ከአያት)

አይይዘውም። የሶሉ መሐል ፖሊዩሪቴን (እንደ አረፋ ያለ ፕላስቲክ) ከሆነ ሳይለበስ ተቀምጦም በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ማስቲሹ የሚጣበቀው በበሰበሰው ላይ ነው። ለሌላ ጊዜ የሶሉን ጎን በጥፍርዎ ይጫኑ፦ ከተለጠፈ፣ ከተፈረፈረ ወይም ጉድጓዱ ካልተመለሰ ይተዉት። ሶሉ ሙሉ በሙሉ ጎማ ሆኖ በክር የተሰፋ ከሆነ ቆዳው ያረጀም ቢሆን ይሻላል። ላይኛው ቆዳ ደህና ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋር ወስደው አዲስ የጎማ ሶል ያስገቡለት፤ ዋጋውን ግን ቀድመው ይጠይቁ።

«እናቴ ያረጁ የሐበሻ ቀሚሶቿን ለልዋጭ ልትሰጥ ነው። በሳህን መለወጡ አሳዘነኝ።» (ከጉለሌ)

ጥለቱን አስቀርተው ይስጡ። ነጩ ያረጃል፣ ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ገና ነው። ከጥለቱ በላይና በታች ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ነጭ ትተው ይቁረጡ፤ ያ ካልቀረ ጠርዙ ይተረተራል፣ ለመስፋትም መያዣ የለውም። አዲሱን ጨርቅ ጥለቱን ከመስፋትዎ በፊት አጥበው ያድርቁት፤ አሮጌው ተኮማትሮ ጨርሷል፣ አዲሱ ግን ከተሰፋ በኋላ ቢኮማተር ጥለቱ ይጨማደዳል።