ቫይታሚንና የላቦራቶሪ እንስሳት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥያቄ፦ የቫይታሚን ጥናት ሁሌ በአይጥ ነው የሚሠራው። የአይጥ ውጤት ለሰው ያገለግላል ወይ?

መልስ፦ እንደ ቫይታሚኑ ነው። ቫይታሚን ሲን ውሰዱ። አይጥ ጉበቷ ውስጥ ራሷ ታመርተዋለች። እኛ አንችልም፤ ለምርቱ የሚያስፈልገውን የመጨረሻውን ኢንዛይም (ሥራውን የሚያካሂደውን ፕሮቲን) የሚሠራው ጂናችን ከጥንት ጀምሮ የተበላሸ ነው። ስለዚህ አይጥ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ብትከለከልም በሲ እጥረት አትታመምም። ሰው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ድዱ ይደማል፣ ቁስሉም አልድን ይላል። ስከርቪ የሚባለው በሽታ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን እንስሳ ተጠና?

መልስ፦ በጊኒ ፒግ፣ ጭራ በሌላት አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኖርዌይ ውስጥ አክሴል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የመርከበኞችን ቤሪቤሪ (በቫይታሚን ቢ1 እጥረት የሚመጣ በሽታ) እያጠኑ ነበር። ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ መገቧቸው። ቤሪቤሪ ሲጠብቁ ስከርቪ መጣ! ትኩስ ጎመን ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርላቸው ግን በሽታው ቀረ። ጊኒ ፒግም እንደኛ ቫይታሚን ሲን ማምረት አትችልም። በአይጥ ሞክረው ቢሆን ኖሮ ምንም አያዩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ተመራማሪዎች ያንኑ ቫይታሚን ሲ የሚመረትበትን ጂን ሆን ብለው የዘጉባት አይጥ አሜሪካ ውስጥ ተፈጠረች።

ጥያቄ፦ ልጄ ሥጋ አትወድም፤ ካሮትና ጎመን ግን ትበላለች። ለቫይታሚን ኤ ይበቃታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይጠቅማታል፤ ግን በአይጥ ስሌት አትሂጂ። አይጥ ቤታ ካሮቲንን (ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለውን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ንጥረ ነገር) አንጀቷ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ቫይታሚን ኤ ትቀይረዋለች። የሰው አንጀት ከፊሉን ብቻ ይቀይራል፤ ጥቂቱን እንዳለ ወደ ደም ያሳልፋል፤ ብዙው ሳይመጠጥ ይወጣል። ለሰው የሚሠራበት ስሌት ከምግብ 12 ማይክሮግራም ቤታ ካሮቲን 1 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ ይሰጣል የሚል ነው። ጎመኑን በዘይት አብስይላት፤ ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። እንቁላልና ወተትም ጨምሪላት።

ጥያቄ፦ አጫሽ ነኝ። የቤታ ካሮቲን እንክብል ሳንባዬን ይጠብቅልኛል?

መልስ፦ አይጠብቅህም፤ እባክህ አትውሰድ። ፊንላንድ ውስጥ ከ29,000 በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። በየቀኑ 20 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ምክንያቱን ለማወቅ ተመራማሪዎች ወደ ፌረት፣ ሥጋ በል ወደሆነ ትንሽ እንስሳ፣ ዞሩ። ፌረት ልክ እንደኛ ከካሮቲኑ ጥቂቱን ሳይቀይር እንዳለ ወደ ደምና ወደ ሳንባ ያደርሳል። ብዙ ቤታ ካሮቲን ከሲጋራ ጭስ ጋር ሲሰጠው ሳንባው ላይ ቅድመ ካንሰር ለውጥ ታየ።

ጥያቄ፦ ድመትስ?

መልስ፦ ካሮቲንን ጨርሶ ወደ ቫይታሚን ኤ አትቀይርም። ከሥጋ ነው የምታገኘው።

ጥያቄ፦ እንስሳቱ አያሳዝኑም? በሰው ላይ ማጥናት አይቻልም?

መልስ፦ ያሳዝናሉ። ለጥያቄው የማይሆን እንስሳ መርጦ ማሰቃየት ደግሞ በእኔ እምነት ይቅርታ የለውም። ዛሬ ብዙው በሰው ይጠናል። ጨረር የሌለው፣ ክብደቱ ብቻ የተለየ ካርቦን ያለበት ቫይታሚን ለፈቃደኞች በጥቂቱ ይሰጣል። ከዚያ ደማቸው ተመርምሮ ምን ያህሉ እንደተቀየረ፣ ጉበት ውስጥ ምን ያህል እንደተከማቸ ይሰላል። ሰውን ሆን ብሎ እስኪታመም ቫይታሚን መንፈግ ግን አይቻልም። እንስሳ አሁንም የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው።