«ባንዲራ» ማለት ነውር ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ቤት በጻፈችው ድርሰት ውስጥ «ባንዲራችን» ብላ ነበር። አጎቷ አይተው «ባንዲራ ከባንዳ የመጣ የጣሊያን ቃል ነው፣ ሰንደቅ ዓላማ በይ» ብለው አስጠፏት። እውነት ነው? ትክክሉስ የትኛው ነው?

መልስ፦ አጎትየው ግማሹን አግኝተውታል። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ እነሱ «ባንዲዬራ» ይሉታል። የባንዳው ነገር ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ባንዳ በጣሊያንኛ የታጣቂ ቡድን ማለት ነው። ከአገሬው ሰው እየመለመሉ ከጎናቸው ያሰለፏቸውን ታጣቂዎች በዚህ ስም ይጠሯቸው ነበር፤ ለእነሱ ስድብ አልነበረም። «ከሃዲ» የሚለውን ትርጉም የጨመርንበት እኛ ነን፣ ያውም አበጀን! እርግጥ ሁለቱ ቃላት በጣሊያንኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ባንዲራ ድሮ ቡድኑ የሚሰለፍበት ምልክት ስለነበር። ከክህደት ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጣሊያንኛ ነው ተብሎ ቃል የሚጣል ከሆነ ደግሞ ማኪናና ፋብሪካ አብረው ይሂዱ። ስለ ሰንደቅ ዓላማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 654/2001 ራሱ የታተመው የት ነው? ነጋሪት «ጋዜጣ» ላይ። እሱም የጣሊያን ነው እኮ።

«ሰንደቅ ዓላማ» ሁለት ቃል ነው። ሰንደቅ የሚሰቀልበት ዘንግ ነው፣ ዓላማ ደግሞ ምልክቱ፣ ጨርቁ። ተኳሽ የሚያነጣጥርበትም «ዓላማ» ይባላል፤ ዛሬ «የሕይወቴ ዓላማ» የምንለው ከዚያው የምልክትነት ትርጉም የተዘረጋ ነው። ዐረቦችም ባንዲራን «ዐለም» ነው የሚሉት፣ ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ ጨርቁን ብቻ ይዞ «ሰንደቁን አጠብኩት» የሚል ሰው በጥሬ ትርጉሙ ካየነው ዘንጉን ነው ያጠበው።

እንግዲህ የትኛውን እንጠቀም? እንደ ቦታው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ «ሰንደቅ ዓላማ» ይላል፣ በሐዘን ቀን የሚወጣው መግለጫም «ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ» ነው የሚለው፤ እዚያ ላይ «ባንዲራ» ቢገባ ጆሮ ይቆረቁራል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ የሰቀሉትን ስትጽፉም ክብደት ያለው ቃል ቢሆን ይሻላል። በአፍ ግን ሰዉ የሚለው ባንዲራ ነው፣ ተማሪውም ጠዋት ጠዋት የሚሰቅለው «ባንዲራ» ነው። ድሮ ባንዲራ ሲወጣና ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረውን ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። «ቁም፣ ባንዲራ እየወረደ ነው!» ነው የሚባለው። ያንን ሁሉ ክብር የተሸከመ ቃል ነውረኛ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ሮም ላይ ሲያሸንፍ «ባንዲራችንን በጣሊያን ሰማይ አውለበለበ» የሚል ሰውም ማንንም አላስቀየመም።

ድርሰቱን በተመለከተ፣ ልጅቷ ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ የጻፈችበት ላይ «ሰንደቅ ዓላማ» ትበል፤ ስለ ራሷና ስለ ጓደኞቿ የምታወራበት ላይ «ባንዲራችን» እንዳለ ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ ትጠንቀቅ፦ በንግግር «ሰንደቃላማ» ብንለውም ሲጻፍ ሁለት ቃል ነው፣ ዓላማም በዓይኑ «ዓ» ነው የሚጻፈው።